የሕዝብ ዕድገት ጥያቄ፦ አንድ ጥያቄ፣ አራት መልስ። የቱ ነው ልክ?

የማታ_ተማሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ 10ኛ ክፍል እማራለሁ። ለጥቂት ዓመታት አቋርጬ ስለነበር ማትስ በጣም ይከብደኛል። ዘንድሮ ግን ማለፍ አለብኝ። አሁን ኤክስፖነንሻል ላይ ደርሰናል፤ በየጊዜው በአንድ ቁጥር እየተባዛ የሚያድግ ወይም የሚቀንስ ነገር ማለት ነው። ቀመሩን ሸምድጄዋለሁ። ጥያቄው በጽሑፍ ሲመጣ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋብኛል።

የተሰጠን ይኸው፦

«በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 73.8 ሚሊዮን ሆነ። ሕዝቡ በየዓመቱ በስንት በመቶ አደገ? በዚሁ ከቀጠለ እጥፍ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

እኔ እንዲህ ሠራሁ። 73.8 ሲቀነስ 53.5 ይሆናል 20.3 ሚሊዮን። እሱን ለ53.5 ሳካፍል 37.9 በመቶ። ለ12 ዓመት ሳካፍል 3.16 በመቶ። ኤክስ ተደረገብኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ 2.72 አገኘ። አንዷ 2.51 አገኘች። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ባየው መንገድ ሠርቶ 2.55 ይላል። አራታችንም በካልኩሌተር ነው የሠራነው። እጥፉን ገና አልነካሁትም። እባካችሁ የት ጋ እንደተበላሸ አሳዩኝ።

ጋሽ_ጠመኔ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:42

ልጄ፣ በርታ። ቀን ሠርቶ ማታ መማር ጉልበት ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ጋ የማይሰናከል ተማሪ ጥቂት ነው።

ከራስህ መልስ እንነሣ። 3.16 ልክ ከሆነ ወደፊት ሲሠራ 73.8 ላይ ሊያደርሰን ይገባል። እንሞክረው። በመጀመሪያው ዓመት የ53.5 ሚሊዮን 3.16 በመቶ ይጨመራል። ይህ 1.69 ሚሊዮን ሰው ነው። ሕዝቡ 55.19 ሚሊዮን ሆነ። በሁለተኛው ዓመትስ? 3.16 በመቶው የ53.5 አይደለም፤ የ55.19 ነው። ስለዚህ 1.74 ሚሊዮን ይጨመራል። በሦስተኛው 1.80 ሚሊዮን። እንዲህ እየሰፋ ሄዶ በ12ኛው ዓመት 77.7 ሚሊዮን ላይ ያደርስሃል። አራት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትርፍ ሰው መጣብህ። ያመጣው ማካፈልህ ነው። ለ12 ስታካፍል «በየዓመቱ የተጨመረው ሰው እኩል ነው» ማለትህ ነው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ ይቀላል። ዕቁብ ላይ በወር አንድ ሺህ ብር ብትጥል፣ የጣልከው ድምር በየወሩ በእኩል ያድጋል። እዚያ ማካፈል ያዋጣል። ባንክ 10 ሺህ ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ አስቀምጠህ፣ ወለዱን ሳትነካው 10 ዓመት ቢቆይስ? 17 ሺህ አይሆንም። 19,672 ብር ይሆናል። ያ ትርፍ 2,672 ብር ወለዱ ራሱ የወለደው ነው። ሕዝብም እንደዚያ ነው። ዛሬ የተወለደችው ልጅ አድጋ ትወልዳለች።

ስለዚህ ደብተርህ ላይ እንዲህ ጻፍ፦

መጨረሻ = መነሻ × ማባዣ^ዓመት

ማባዣ ያልኩህ 1 ሲደመር ዕድገቱ ነው። ^ ምልክቱ ደግሞ ማባዣውን በዓመቱ ቁጥር ልክ ደጋግመህ አባዛ ማለት ነው። አሁን 73.8ን ለ53.5 አካፍል፤ 1.3794 ይመጣል። ሕዝቡ በጠቅላላው ይህን ያህል ጊዜ ተባዝቷል ማለት ነው። ይህ የ12 ዓመት ብዜት ከሆነ የአንዱን ዓመት የምታገኘው በማካፈል ሳይሆን 12ኛ ሩት በማውጣት ነው፤ 12 ጊዜ ደጋግመህ ስታባዛው 1.3794 የሚሰጥህን ቁጥር መፈለግ ማለት ነው። ስልክህን ወደ ጎን ብታዞረው ብዙ ጊዜ የሩቱ ቁልፍ ይመጣልሃል። 1.0272 ይሰጥሃል። 2.72 በመቶ ማለት ነው። አጠገብህ ያለው ልጅ መንገዱን ይዞታል።

ቁጥር_ወዳድ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ግን 2.51 ያለችው ልጅ ትክክል ነች ባይ ነኝ። ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ2007 ነው። ኢንተርኔት ላይ በየትኛውም ቦታ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ከ1994 እስከ 2007 ደግሞ 13 ዓመት ነው። 13ኛ ሩት ሲወጣ 1.0251 ነው የሚመጣው።

የማታ_ተማሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:11

አሁን ባሰብኝ። በእኛ 12፣ በፈረንጅ 13? ሕዝቡ አንድ፣ ቆጠራው አንድ፤ ዓመቱ እንዴት ሁለት ይሆናል?

ቆጣሪ_99 | ማክሰኞ፣ ማታ 5:30

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። የ1999ኙን ቆጠራ ከቆጠሩት አንዱ ነኝ።

ሁለታችሁም ዓመት ነው የቀነሳችሁት። ቀኑን አላያችሁም። የመጀመሪያው ቆጠራ መነሻ ቀኑ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ነው። የሁለተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999። በጣታችሁ ቁጠሩት። ከጥቅምት 1፣ 1987 እስከ ጥቅምት 1፣ 1999 ድፍን 12 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት 1 ሰባት ወር፣ እስከ ግንቦት 20 ደግሞ 19 ቀን። በዓመት ሲለወጥ 12.63 ነው። በፈረንጁም ቢሆን ያው ነው። ከኦክቶበር 11 ቀን 1994 እስከ ሜይ 28 ቀን 2007 ብላችሁ ብትቆጥሩ 13 ዓመት አይሞላም። የእኛ ዓመት በመስከረም ስለሚዞር፣ የእነሱ በጃንዋሪ ስለሚዞር፣ ዓመቱን ብቻ ስትቀንሱ አንዱ ያሳንሳል፣ ሌላው ያበዛል። አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ወራት ቆይቶ በኅዳር 2000 ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ግንቦት 20 ይበቃል።

በ12.63 ሥሩት። 1.0258 ይመጣል። 2.58 በመቶ። በይፋ የተነገረው ዓመታዊ ዕድገትም 2.6 በመቶ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቤት እማማ የልጆቻቸውን ቁጥር አልናገርም አሉኝ። «ልጅ አይቆጠርም፣ ዓይን ይገባዋል» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። «እሺ እማማ፣ ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባት ሆኑ። ሁለቱ ሞተዋል፤ እነሱንም ጠርተዋቸዋል። አንዷ አረብ አገር ናት። «እሷንም ጻፋት፣ የእኔ ናት» ብለው እጄን ያዙኝ። 2.58 በመቶ ሲባል እኔ ያን ቤት ነው የማስበው። የተወለደውም፣ የሞተውም፣ የሄደውም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። ለዚያ ነው ዕድገት ሲባል የወሊድ መጠን ብቻ እንዳይመስላችሁ የምለው። ፈተና ላይ የወሊድና የሞት መጠን ለየብቻ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ አቀናንሱ፣ ከዚያ ወደ ማባዣው ግቡ።

ጋሽ_ጠመኔ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

ወንድሜ ቆጣሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ትናንት 12 ብዬ አልፌዋለሁ፤ ልክ አልነበርኩም። ልጄ፣ የእኔን 2.72 ሰርዘህ 2.58 ጻፍ። መምህርህ በ12 ከሠራው ደግሞ ቀኖቹን ጽፈህ አሳየው፤ ቀን ያለው መልስ አይጣልም።

እስቲ መልሶቹን በተርታ እያቸው። 12 ብትል 2.72። 13 ብትል 2.51። ሩቱ፣ ክፍፍሉ፣ ካልኩሌተሩ ሁሉም ደህና ነው። የተሳሳተው ጊዜው ብቻ ነው። እኔ ስታዘብ የሕዝብ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ቀመሩን ስቶ አይደለም፤ ሰዓቱ መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ የሚለውን ሳይጠይቅ ስለሚሮጥ ነው። «በ5 ዓመት 12 በመቶ ያድጋል» ሲባልም ያው ነው። ማባዣው 1.12 የሚሆነው ለ5 ዓመቱ እንጂ ለአንዱ አይደለም። ሃያ ዓመት ከተባለ 1.12 አራት ጊዜ ይባዛል እንጂ ሃያ ጊዜ አይባዛም።

የስታት_ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ሰላም፣ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ነው የምማረው። ያ 2.55 ያለውን ልጅ ማንም አላነሣውም። እሱም አልተሳሳተም! ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ቀመር ብዙ ጊዜ በ«ኢ» ነው የሚሠራው፤ 2.718 በሆነችው ቁጥር። በዚያ መንገድ 12.63 ዓመት አስገብታችሁ ስትሠሩ 0.0255 ይመጣል።

ልዩነቱ ይህ ነው። 2.58 ማለት በዓመቱ መጨረሻ ቆመን ስናይ ሕዝቡ ምን ያህል አድጎ ተገኘ ነው። 2.55 ማለት ደግሞ ሕዝቡ በየቅጽበቱ እያደገ ነው ብለን ስናስብ ነው። ልጅ ለመወለድ የዓመቱን መጨረሻ አይጠብቅም አይደል? በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ስለሚደራረብ ያነሰው ቁጥር እዚያው ያደርሳል። ኢን ወደ 0.0255 ከፍ ብታደርጉት 1.0258 ነው የሚመጣው። አንድ ዕድገት በሁለት ቋንቋ ሲነገር እንደማለት ነው።

ክፉው ነገር መደባለቅ ነው። 2.55ን ወስዶ 1.0255 ብሎ ማባዛት ወይም 2.58ን ወስዶ ኢ ላይ መስቀል። ጥያቄው «በየዓመቱ በስንት በመቶ» ካለ 1.0258ን ተጠቀሙ። «ያለማቋረጥ ያድጋል» ካለ ኢ ነው።

እጥፉን በተመለከተ፦ 1.0258 ስንት ጊዜ በራሱ ቢባዛ 2 ይሆናል ነው ጥያቄው። ሎግ የሚባለው ነገር የሚመልሰው ይህን «ስንት ጊዜ» ነው። ሎግ 2ን ለሎግ 1.0258 አካፍሉ። 0.30103 ለ0.011063፤ 27.2 ዓመት ይሆናል። ፈተና ላይ መልሳችሁን መፈተሽ ከፈለጋችሁ 70ን ለ2.58 አካፍሉ፤ 27.1 ይሰጣችኋል። የ70 ሕግ ግምት ነው፤ ግን ትልቅ ስሕተት ከሠራችሁ ወዲያው ያስነቃችኋል።

እናት_ከቨርጂኒያ | ረቡዕ፣ ማታ 2:50

እንደምን አመሻችሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ይህንኑ ርዕስ ይዟል። አማርኛ ይሰማል፤ ጥሩ ይሰማል። እኔ ግን እንግሊዝኛው ላይ ሒሳብ ማስረዳት ይከብደኛል። ይህን ክር ለሱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የጋሽ ጠመኔን የዕቁብ ምሳሌ ወደደው፤ አባቱ ዕቁብ ስላለው ያውቀዋል።

የሱ ጥያቄ ግን የሚቀንስ ነው። ዲትሮይት የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወረደች። በየዓመቱ በስንት በመቶ ቀነሰች ይላል። ልጄ 61.4 በመቶ ቀንሷል፣ ለ60 ዓመት ሲካፈል 1.02 በመቶ አለ። ይህ ከላይ የተባለው ስሕተት መሆኑ ገብቶኛል። እንዴት ላስረዳው?

ጋሽ_ጠመኔ | ረቡዕ፣ ማታ 3:25

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። እንኳን ጮክ ብለሽ አነበብሽለት።

ድፎ ዳቦ አስቢ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ከቀረው ላይ ሩቡን ይወስዳል እንበል። የመጀመሪያው ትልቅ ቁራሽ ነው የሚያገኘው። ሁለተኛው ሩብ ነው የወሰደው፤ ግን ከትንሹ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቁራሹ ያንሳል። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በመቶኛው አልተለወጠም። ዳቦው ነው ያነሰው። አሁን ልጅሽን «ስንት ተወሰደ?» አትበይው። «ስንት ቀረ?» በይው። ሩብ ከተወሰደ የቀረው 0.75 ነው፤ ማባዣው እሱ ነው። በሚቀንስ ጥያቄ ላይ ሁሌም የሚባዛው የቀረው ነው።

ወደ ከተማዋ ስንመጣ፣ 0.714ን ለ1.85 ሲያካፍል 0.386 ያገኛል። 60ኛ ሩቱ 0.9843 ነው። በየዓመቱ 98.43 በመቶ ቀረ፤ 1.57 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የሱን 1.02 ደግሞ ወደፊት ይሞክረው። 0.9898ን 60 ጊዜ ሲያባዛ ከተማዋ 1 ሚሊዮን ሰው ይተርፋታል፤ ከእውነቱ በጣም ይበልጣል። ልብ በይ፦ ሕዝብ ሲያድግ ማካፈል መጠኑን ያጋንናል፣ ሲቀንስ ግን ያሳንሳል። ሱቅ የሚሠራው ልጃችን 3.16 ያገኘውና ያንቺ ልጅ 1.02 ያገኘው በአንድ ስሕተት ነው።

ቁጥር_ወዳድ | ረቡዕ፣ ማታ 3:51

እዚህ ላይስ ቀኑ? የአሜሪካው ቆጠራ ከመቼ እስከ መቼ ነው?

የስታት_ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 4:02

ጥሩ ጠየቅክ። የሁለቱም ቆጠራ ቀን ኤፕሪል 1 ነው። ስለዚህ 60 ድፍን 60 ነው፤ እዚያ ምንም ጣጣ የለም። ይልቅ አንድ ነገር ልጨምር። 1.57 አማካይ ነው። እውነተኛው ጉዞ እኩል አልነበረም። ዲትሮይት ከ1950 እስከ 1960 ከሕዝቧ 10 በመቶ ገደማ አጣች። ከ1970 እስከ 1980፣ 20 በመቶ ገደማ። ከ2000 እስከ 2010 ደግሞ 25 በመቶ። አንድ ማባዣ ስድሳውን ዓመት ሲሸፍን ይህን ሁሉ ያለሰልሰዋል። ሁለት ጫፍ ብቻ ከተሰጠን የምንችለው አማካዩን ማውጣት ነው።

እናት_ከቨርጂኒያ | ረቡዕ፣ ማታ 4:30

ገባው! «ስንት ቀረ» ስለው ወዲያው ያዘው። ራሱ ቀጥሎ ከተማዋ ግማሽ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅባታል ብሎ ሠራ፤ 44 ዓመት ግድም አገኘ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የማታ_ተማሪ | ሐሙስ፣ ማታ 3:05

ዛሬ ሱቁ ቀዝቀዝ ስላለ ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ሠራሁት። ለመምህራችን ቀኖቹን ጽፌ አሳየሁት፤ 2.58 ተቀበለኝ፣ ለክፍሉም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራልን። አሁን የራሴን ጥያቄ ጨመርኩ፤ በ2017 ስንት ይሆናል ብዬ። ከ1999 እስከ 2017 ግንቦት 18 ዓመት ነው። 73.8 × 1.0258^18 ስለው 116.7 ሚሊዮን መጣ። ግን ስልኬ ላይ ስፈልግ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ነው፤ የአገር ውስጡ ትንበያ ደግሞ ወደ 110 ሚሊዮን ግድም። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ተሳሳትኩ እንዴ?

የስታት_ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 3:40

ስሌትህ ልክ ነው። ያልሠራኸው ነገር መጠኑ ራሱ እንደሚለወጥ ማሰብ ነው። 1.0258ን 18 ጊዜ ስታባዛ ሰዎች እንደ ድሮው ይወልዳሉ፣ እንደ ድሮው ይሞታሉ ብለሃል። ግን አልሆነም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 5.4 ልጅ ነበር፤ በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። በሌላ በኩል የሕፃናት ሞትም ቀንሷል። አንዱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ላይ። ትንበያ የሚሠሩት ሰዎች እነዚህን በየዕድሜው ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት፤ መነሻቸውና ግምታቸው ስለሚለያይ መልሳቸውም ይለያያል።

ቆጣሪ_99 | ሐሙስ፣ ማታ 4:15

ይህን የሚፈታው ቆጠራ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ ከ1999 ወዲህ አልተቆጠርንም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ትምህርት ቤት የት ይሠራ፣ ክትባት ስንት ይምጣ የሚባለው በዚህ ቁጥር ነው። በ110 እና በ130 ሚሊዮን መሐል ያለው 20 ሚሊዮን ሰው ነው። አንተ ደብተርህ ላይ በጥያቄህ መጀመሪያ የጻፍከው ጭማሪ፣ የ12 ዓመት ከምናምኑ ዕድገት፣ 20.3 ሚሊዮን አልነበር? ያን የሚያህል ሕዝብ ነው ዛሬ ይኑር አይኑር የማናውቀው።

የማታ_ተማሪ | ሐሙስ፣ ማታ 4:33

እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር።

እጥፉንም ሠርቻለሁ። 27.2 ዓመት። ከግንቦት 20 ቀን 1999 ሲቆጠር ነሐሴ 2026 አካባቢ 147.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ መጠኑ ካልተለወጠ ብዬም ጻፍኩበት። ጋሼ፣ ይዩልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። 2.58ን 2.6 ብዬ ባጠጋጋው ምን ይጎዳል?

ጋሽ_ጠመኔ | ሐሙስ፣ ማታ 4:50

«መጠኑ ካልተለወጠ» ያልካት ሐረግ ደስ አሰኘችኝ። ሁልጊዜ ጻፋት።

ማጠጋጋቱን ራስህ እየው። ያንኑ የ2017ቱን በ1.026 ሥራው። 117.1 ሚሊዮን ይመጣል። ከ116.7 ጋር ልዩነቱ 400 ሺህ ሰው ነው፤ ከአንድ ትልቅ ከተማ አያንስም። ካልኩሌተሩ ውስጥ ሙሉውን ቁጥር ያዘው፣ የምታጠጋጋው መጨረሻ ላይ መልሱን ስትጽፍ ብቻ ነው። አሁን ሂድና ተኛ፤ ነገ ሥራ አለህ።